«ልጸልይ ስንበረከክ ነው የሚብሰው» — የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። ባለፈው እትም ስለ መንፈሳዊ ውጊያ ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ይህን ያህል ትጽፋላችሁ ብዬ ግን አልጠበቅኩም። ከደብዳቤዎቹ ብዙዎቹ ውስጥ አንዲት አረፍተ ነገር እየተመላለሰች አገኘኋት፦ «ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።» ለሦስተኛ ጊዜ ሳነባት ወረቀቱን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሰይጣን ብዙ የጦር መሣሪያ አለው፣ እኔ ግን ከሁሉም አብልጦ የሚጠቀመው በዚህችው ዝምታ ነው ብዬ ነው የማምነው።

ለሁሉም መመለስ አልቻልኩም። አምስቱን መርጫለሁ። ስም አላወጣሁም፣ ሰውን የሚያሳውቅ ነገርም ቀንሻለሁ።

ጥያቄ፦ ልጸልይ ስንበረከክ ጭንቅላቴ ውስጥ በእግዚአብሔር ላይ ስድብ ይመጣብኛል። ልጽፈው እንኳን የማልደፍረው ስድብ ነው። አልፈልገውም፣ እጠላዋለሁ፣ ግን ይመጣል። ሳልጸልይ ስውል ይሻለኛል። እንዲህ ከሆንኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ከቅዱስ ቁርባን ርቄያለሁ። ያንን ይቅር የማይባለውን ኃጢአት ሠርቼ ይሆን? ለማንም ነግሬ አላውቅም።

መልስ፦ እህቴ፣ አስቸኳዩን ላስቀድምልሽ። አልሠራሽም።

ማቴዎስ 12ን ቀስ ብለሽ አንብቢው። ጌታ መንፈስ ቅዱስን መስደብ አይሰረይም የሚለውን ያንን ከባድ ቃል የተናገረው ለማን ነው? ዕውርና ዲዳ የነበረ ሰው ሲፈወስ በዓይናቸው አይተው «ይህማ በአጋንንት አለቃ በብዔል ዜቡል ነው» ላሉት ነው። ብርሃኑን እያዩ፣ አውቀው፣ አስበውበት ጨለማ ነው አሉት። አንቺ ደግሞ የመጣብሽን ሐሳብ እየጠላሽ፣ እያለቀስሽ፣ ለማያውቅሽ ሰው ደብዳቤ እየጻፍሽ ነው። የሚወደውን አባቱን አንድ ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲሰድብበት የሚጨነቅ ልጅ፣ ተሳዳቢው እሱ አይደለም።

አንድ ታሪክ ልንገርሽ። በ7ኛው ክፍለ ዘመን በሲና ተራራ ገዳም የኖረ ዮሐንስ ክሊማኮስ የሚባል አባት አለ። ልክ እንዳንቺ በስድብ ሐሳብ ስለተሠቃየ አንድ መነኩሴ ጽፏል። ሰውየው ሃያ ዓመት ነው የተሠቃየው። ጾመ፣ ሌሊት ሌሊት ቆሞ አደረ፣ ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ ሐሳቡን በወረቀት ጻፈውና ወደ አንድ ሽማግሌ አባት ሄደ። ወረቀቱን ሰጥቶ በግንባሩ መሬት ላይ ተደፋ፣ ቀና ብሎ ማየት እንኳን አቃተው። ሽማግሌው አነበቡት። ፈገግ አሉና አነሡት። «ልጄ፣ እጅህን አንገቴ ላይ አድርግ» አሉት። አደረገ። «ይህ ኃጢአት በእኔ አንገት ላይ ይሁን። አንተ ብቻ ከእንግዲህ ከቁም ነገር አትቁጠረው» አሉት። መነኩሴው ከሽማግሌው በዓት ሳይወጣ ያ ነገር ለቀቀው።

ይህን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር የምቆመው ሽማግሌው ፈገግ ያሉበት ቦታ ላይ ነው። አልደነገጡም። ሃያ ዓመት የታፈነው ሐሳብ ሌላ ሰው አንብቦት ሳይደነግጥ ሲቀር ጉልበቱ አለቀ። ጾሙና ሌሊቱ ከንቱ ነበር እያልኩ አይደለም። የጎደለው ግን አንድ ሰው ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ሐሳቡ ሲመጣ አትከራከሪው፣ አትመርምሪው፣ «ከየት መጣ?» እያልሽ አትከተዪው። ከጸሎትሽም አትነሺ። መንገድ ላይ የሆነ ሰው ቢጮህ ከአባትሽ ጋር የጀመርሽውን ወሬ አቋርጠሽ መስኮት አትከፍቺም አይደል? እንደዚያው ቀጥዪ። ጸሎትሽ ይጠር፣ ግድ የለም፣ «ጌታ ሆይ ማረኝ» ይበቃል። በዚህ ሳምንት ደግሞ አንድ ሰው ፈልጊ። የንስሐ አባትሽ ይሁኑ፣ መጋቢ ይሁን፣ በእምነት የበሰለች እህት ትሁን። መናገር ካቃተሽ ልክ እንደ መነኩሴው ጽፈሽ ስጪ።

ሌላም ነገር አለ። ሐሳቡን ለማጥፋት አንዱን ጸሎት በቁጥር ደጋግመሽ ካላልሽው የማይረካሽ ከሆነ፣ ሲሳሳትብሽ ከመጀመሪያው የምትጀምሪ ከሆነ፣ እጅ ደጋግሞ መታጠብ ወይም የመሳሰለ ነገር ከያዘሽ፣ ለሐኪምም ንገሪ። ሐሳብ እየደጋገመ የሚያስጨንቅ፣ በሕክምና የታወቀና ሊታከም የሚችል ሕመም አለ። ሐኪም ጋ መሄድ እምነት ማጣት አይደለም። ሁለቱንም በር አንኳኪ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጸሎተኛ ነው፣ በዚህ አልከሰውም። ችግሩ ግን ቤታችን ውስጥ ለሚፈጠር ነገር ሁሉ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው። ልጁ ውጤቱ ሲበላሽ መንፈስ ነው። እኔ ስቆጣ መንፈስ አለብኝ። ባለፈው ስንጣላ ፊቴ ቆሞ «አንተ ርኩስ መንፈስ ውጣ» አለኝ። ልጆቹ እያዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሬው መጸለይ አልቻልኩም።

መልስ፦ እህቴ፣ ያቺን ቅጽበት ሳስባት እኔም ሆዴን ባር ባር አለኝ። ያመመሽ በትክክል ነው።

ለእርሱም የምለው አለኝና አሳዪው። ወንድሜ፣ ጳውሎስ «መጋደላችን ከደምና ከሥጋ ጋር አይደለምና» ያለው በሰንሰለት ታስሮ ነው። እዚያው ኤፌሶን 6፥20 ላይ ራሱ ይናገራል። ያሰሩት ሰዎች ደምና ሥጋ ናቸው፣ ፊት አላቸው፣ ስም አላቸው። ሊጠላቸው ምክንያት ነበረው። እርሱ ግን ጠላቴ እነዚህ አይደሉም አለ። አንተ ያንኑ ጥቅስ ይዘህ የትዳር አጋርህን ፊት ለፊት አቁመህ ጠላት ካደረግካት ቃሉን ገልብጠኸዋል። «ሰይጣን» በዕብራይስጥ ባላጋራ፣ ከሳሽ ማለት ነው። «ዲያብሎስ» የሚለው የግሪክ ቃልም ስም አጥፊ ማለት ነው። ሚስትን በልጆቿ ፊት መክሰስ የማን ሥራ እንደሆነ አስበው።

«ጌታ ራሱ ጴጥሮስን ‹ወደ ኋላዬ ሂድ አንተ ሰይጣን› ብሎት የለ?» ትለኝ ይሆናል። ብሎታል። ግን ያው ጌታ «ሰይጣን እንደ ስንዴ ሊያበጥራችሁ ለመነ፤ እኔ ግን እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ አማለድሁ» ያለውም ለዚሁ ጴጥሮስ ነው። ስለ ሚስትህ እንዲህ አማልደህ ታውቃለህ? ስለ እርሷ ነው የምልህ፣ በእርሷ ላይ አይደለም።

ደግሞም ሁሉንም ነገር ለሰይጣን ማስረከብ ቀላል ነው፣ ምክንያቱም ከይቅርታ ያስመልጣል። ልጁ ውጤቱ የተበላሸው እንቅልፍ አጥቶ ሊሆን ይችላል። እሷ የተቆጣችው ስላልሰማሃት ሊሆን ይችላል። ያዕቆብም እያንዳንዱ በራሱ ምኞት ሲሳብና ሲታለል ይፈተናል ነው ያለው። ሰይጣን የለም አልልህም። አለ፣ ቤታችሁንም ይፈልገዋል። የሚገባበትን በር ግን ጳውሎስ በግልጽ ነው የነገረን፦ «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ፥ ለዲያብሎስም ፈንታ አትስጡት።» ያደረ ቁጣ። በቃ።

እኔ ይህችን ጥቅስ የተማርኩት በልጅነቴ ነው፣ የገባችኝ ግን ካገባሁ በኋላ ነው። አንድ ሌሊት በሆነች ትንሽ ነገር ተኳርፈን ጀርባ ተሰጣጥተን ተኛን። እኔ ግን አልተኛሁም። ጨለማው ላይ ዓይኔን አፍጥጬ ነገ የምናገረውን ንግግር አዘጋጅ ነበር። እያንዳንዷን ቃል። የዛሬ አራት ዓመት ያለችኝን ሳይቀር አስታወስኩ፣ ረስቼው የነበረውን! ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በውስጤ ያለው ድምፅ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ድንገት ታወቀኝ። ክስ የሚያቀነባብር ሌላ አካል አብሮኝ ሲያስብ ነበር ያደረው። መብራቱን አበራሁና ቀሰቀስኳት። «ይቅርታ፣ ማደር የለበትም» አልኳት። እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ «እኔም አልተኛሁም» አለችኝ።

እህቴ፣ አንቺ ደግሞ ለብቻችሁ ስትሆኑ፣ ጠብ በሌለበት ሰዓት «ያን ቀን ያልከኝ ሰብሮኛል» ብለሽ ንገሪው። ካልሰማ የምታከብሩትን አንድ ሰው መሃል አስገቡ። ነገሩ ከቃል አልፎ እጅ ማንሳት ከመጣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ ራስሽንና ልጆቹን ይዘሽ ደህና ቦታ ሂጂ፣ ለሚመለከተው ተናገሪ። ቻይው የሚልሽን ሰው አትስሚ።

ጥያቄ፦ የሚጥል በሽታ አለብኝ፣ መድኃኒት እወስዳለሁ። አንድ የሚጸልይልኝ ሰው «ይህ የጠላት አሠራር ነው፣ መድኃኒቱን መዋጥ አለማመን ነው» አለኝ። ልተወው?

መልስ፦ አትተወው። ዛሬም ማታ ዋጥ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕይወት ሊያሳጣ የሚችል ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። መጠኑን የሚቀንስም የሚያቆምም ሐኪምህ ብቻ ነው።

ወንጌሉ ራሱ ሕመምንና አጋንንትን አንድ አላደረገም። ማቴዎስ 4፥24 ላይ ወደ ጌታ የመጡትን ሲዘረዝር ደዌ ያለባቸውን ለብቻ፣ አጋንንት ያደሩባቸውን ለብቻ፣ በጨረቃ የሚነሣባቸውን፣ ማለትም የሚጥል በሽታ ያለባቸውን፣ ለብቻ ነው የጠራቸው። ጳውሎስ አብሮት የሚዞር ሐኪም ነበረው፣ ሉቃስ «የተወደደው ባለ መድኃኒት» ይባላል። ጢሞቴዎስን ደግሞ ስለ ሆድህና ስለ በሽታህ ጥቂት የወይን ጠጅ ጠጣ ብሎታል። «ገሥጸው» አላለውም። የሚጸልይልህ ሰው ይጸልይልህ፣ ጸሎት መልካም ነው። መድኃኒትህን ግን አይንካ።

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው። ስልኬ ላይ የማየው ነገር አለ፣ ይገባሃል። እተዋለሁ እላለሁ፣ ሁለት ሳምንት እቆያለሁ፣ እወድቃለሁ። አሁን አሁን ከወደቅኩ በኋላ መጸለይ ያሳፍረኛል። «አንተ አስመሳይ፣ ትናንትም እንዲሁ ብለህ ነበር» የሚል ነገር ይሰማኛል። እውነቱን ነው ደግሞ። በቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፈተናው የመጣብህ ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ከመውደቅህ በፊት «ምንም አይደለም፣ አንዴ ብቻ» አለህ። ከወደቅህ በኋላ ያው ድምፅ ዞሮ «አለቀልህ» አለህ። ልብ በል፣ ሁለቱንም ጊዜ ዋሽቶሃል። እኔን ከውድቀቱ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም ከጸሎት የለየህ እርሱ ነው።

ዘካርያስ 3ን አንብብልኝ። ሊቀ ካህኑ ኢያሱ በእግዚአብሔር መልአክ ፊት ቆሟል። ሰይጣን ሊከስሰው በቀኙ ቆሟል። ኢያሱ የለበሰው ልብስ እድፋም ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ፣ ከሳሹ የሚዋሽበት ምክንያት የለውም፣ ልብሱ እውነትም ቆሽሿል! አገልጋይም ነው፣ እንዳንተ። ኢያሱ አንዲት ቃል ራሱን ሲከላከል አናነብም። እግዚአብሔር ነው የተናገረለት። ሰይጣንን ገሠጸው፣ «ይህ ከእሳት የተነጠቀ ትንታግ አይደለምን?» አለ። ከዚያ ያን ልብስ አውልቁለት ተባለ። ልብሱን ሳያጥብ መጀመሪያ እዚያ መቆሙን አስተውል። አንተ ግን መጀመሪያ ልጠብ ብለህ ነው የምትርቀው።

የእግዚአብሔር ወቀሳና የጠላት ክስ ይለያያሉ። መንፈስ ቅዱስ ሲወቅስህ ነገሩን ለይቶ ይነግርሃል፣ «ይህን አደረግህ፣ ና» ይልሃል። ከሳሹ ግን «አንተ እንዲህ ነህ፣ ሂድ» ነው የሚልህ። ጴጥሮስም ካደ፣ ይሁዳም አሳልፎ ሰጠ፣ ሁለቱም አዘኑ። ይሁዳ ብቻውን ወጥቶ ሄደ። ጴጥሮስ ካለቀሰ በኋላ የምናገኘው ከወንድሞቹ ጋር ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። ጳውሎስ የእምነትን ጋሻ አንሡ ሲል የተጠቀመበት የግሪክ ቃል በር ከሚለው ቃል የወጣ ነው። የሮማ ወታደር ትልቁ ጋሻ እውነትም በር ያህላል፣ ከእንጨት ተሠርቶ በቆዳ የተለበጠ። ወታደሮቹ ጎን ለጎን ገጥመው ሲቆሙ የአንዱ ጋሻ ከጎኑ ያለውንም ይሸፍናል። ብቻውን የቆመ ሰው ግን ጎኑ ክፍት ነው። አንተ ፊትህን ስትከላከል ስንት ጊዜ ጎንህን ተመታህ? «ልበሱ»፣ «ቁሙ»፣ «አንሡ» የሚለው ሁሉ በብዙ ቁጥር የተጻፈው ለዚህ ይመስለኛል። ያ ጴጥሮስ የጻፈልን የሚያገሣ አንበሳም ይዞራል፣ የሚውጠውን ይፈልጋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉ የለ፣ ያብር ነው ቁም ነገሩ።

አንድ የምታምነው ወንድም ምረጥ፣ በዕድሜ ከፍ ቢል ይመረጣል። ቁጭ ብለህ ሁሉንም ንገረው። ስልክህ ማታ ከመኝታ ክፍልህ ውጪ ይደር። ፈተናው ሲመጣ ሳትወድቅ ደውልለት፣ ከወደቅክም በዚያው ሰዓት ደውልለት። በማግስቱ አይሆንም፣ በማግስቱ ከሳሹ ሥራውን ጨርሶ ነው የሚያድረው። አገልግሎቱን በተመለከተ ደግሞ ለኃላፊህ ተናግረህ ጥቂት ብታርፍ አይከፋም። ስታርፍ ግን ከጉባኤው አትቅር።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ 68 ዓመቴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስጸልይ ኖሬያለሁ። አሁን ግን መጽሐፉን እከፍታለሁ፣ ቃሉ አይገባኝም። ቀኑ አልመሽ ይለኛል። ጸሎቴ ጣሪያውን የሚያልፍ አይመስለኝም። ጓደኞቼ አብዛኞቹ አርፈዋል። በዚህ ዕድሜዬ ጠላት አሸነፈኝ ማለት ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ አላሸነፈዎትም። የጻፉልኝን ሳነብ ያወቅኩት ሰው አገኘሁ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረ፣ በ399 እ.ኤ.አ. ያረፈ ኤቫግሪዎስ የሚባል መነኩሴ ነበር። መነኮሳትን የሚዋጉ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ለይቶ ጽፏል። ከሁሉም ከባድ ያለው የትኛውን መሰለዎት? ዝሙትን አይደለም፣ ትዕቢትንም አይደለም። የቀትሩን ጋኔን ነው። ስሙን የወሰደው እኛም በመዝሙረ ዳዊት «ከአደጋና ከቀትር ጋኔን» እያልን ከምንደግመው ነው። ሲመጣ ምን እንደሚመስል ሲያስረዳ፣ ፀሐይ የማትንቀሳቀስ ያስመስላል ይላል። ቀኑ የሃምሳ ሰዓት ያህል ይረዝማል። መነኩሴው ፀሐይ የት ደረሰች እያለ በመስኮት ያያል። የሚጎበኘኝ ወንድም ይመጣ ይሆን እያለ ወዲያ ወዲህ ይመለከታል። ከዚያ «ፍቅር ከወንድሞች መካከል ጠፍቷል፣ የሚያጽናናህ የለም» የሚል ሐሳብ ይመጣበታል።

ከ1600 ዓመት በፊት የተጻፈ ነው፣ እናቴ። የእርስዎ ከሰዓት በኋላ ነው ቁጭ ብሎ የተጻፈው። ስለዚህ የደረሰብዎ ነገር የመውደቅ ምልክት አይደለም። ሰዎቹ በረሃ የወረዱት ለመጸለይ ብቻ ነበር፣ እነርሱንም አገኛቸው።

ኤልያስም ያን ትልቅ ድል በቀርሜሎስ ካየ ብዙም ሳይቆይ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር መልአክ ላከለት። መልአኩ አልወቀሰውም። ተነሥተህ ብላ ነው ያለው፣ በላ፣ ተመልሶ ተኛ፣ እንደገና ቀሰቀሰውና አበላው። እርስዎስ በደንብ ይበላሉ? ይተኛሉ? ይህን ስጠይቅዎ መንፈሳዊውን ነገር ትቼ አይደለም። ሐዘኑ ከበረታ፣ ምግብ ካስጠላዎት ሐኪም ይይዎት። ኤልያስ «እኔ ብቻ ቀርቻለሁ» ሲል ደግሞ እግዚአብሔር ለበኣል ያልተንበረከኩ ሰባት ሺህ ሰዎች እንዳሉት ነገረው። አላወቃቸውም እንጂ ነበሩ።

ብዙ አይጸልዩ። አዎ፣ እንዲህ ነው የምለው። የድሮውን ያህል ካልጸለይኩ ብለው ራስዎን አያስጨንቁ። አንድ መዝሙር ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ፣ ገባዎትም አልገባዎትም። ከዚያ አሜን ብለው ይነሡ። ነገም እንደዚያው።

ሙሴ አማሌቅ በመጣ ጊዜ ኮረብታው ላይ ቆሞ እጁን ወደ ላይ ያነሣ እንደነበር ያስታውሳሉ። እጁ ሲነሣ እስራኤል ያሸንፋል፣ ሲወርድ አማሌቅ ያሸንፋል። ሙሴ ሽማግሌ ነው፣ እጁ ከበደው። ማንም «ሙሴ እምነቱ ደከመ» አላለም። ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት። አሮን በዚህ ጎን፣ ሆር በዚያ ጎን ሆነው እጁን ደገፉት፣ ፀሐይ እስክትገባ ድረስ።

ካረፉት ጓደኞችዎ መካከል የቀረች አንዲት እንኳን ትኖራለች። ከሌለች ከእርስዎ በዕድሜ የምታንስ፣ እናቴ የምትልዎ ልጅ አትጠፋም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ ያ ቀኑ አልመሽ የሚልበት ሰዓት ሲመጣ፣ ስልክዎን አንሥተው ይደውሉላት። «መጸለይ አቅቶኛል፣ አንቺ ጸልዪ፣ እኔ አሜን እላለሁ» ይበሏት።